ሳሎናችንን በገመድ ሳንሞላ ሰራውንድ ድምፅ ያስገባንበት መንገድ

ሰራውንድ ድምፅ፣ ማለትም ከፊትም ከኋላም ከዙሪያችን የሚመጣ ድምፅ፣ ቤቱ ማስገባት የሚፈልግ ሰው ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሳሎኑ መሐል ቆሞ ሶኬቶቹን ይቁጠር። ስፒከሩ ስንት ይሁን፣ ዋቱ ስንት ይሁን የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው። እኛ ደሴ ሮቢት ባለው ቤታችን ይህን ነገር ብዙ ጠይቀን፣ አወዳድረን፣ ገዝተን አሁን እየተጠቀምንበት ነው። ዘመድ ወዳጅ ሲመጣ «ገመዱ የት ገባ?» ብሎ ሳይጠይቅ አይሄድም። ለእነሱ ደጋግሜ የማስረዳውን እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ፤ በተለይ ሳሎኑ ጠበብ ላለ፣ ትንንሽ ልጆች ላሉትና ሶኬቱ ጥቂት ለሆነ ሰው ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ቤታችን እንደ ብዙው የድሮ ደሴ ቤት ነው፤ ግድግዳው ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ። በአንደኛው ግድግዳ ቴሌቪዥንና ቡፌ አለ፤ በቀሩት ሦስቱ ዙሪያውን መጅሊስ ተነጥፏል። ሶኬት በቴሌቪዥኑ በኩል ሁለት፣ በስተኋላ ከመስኮቱ ሥር ደግሞ አንድ ብቻ ነው ያለው። እናቴ ከእኛ ጋር ትኖራለች፤ ጆሮዋ እንደ ድሮው አይደለም። ትንሿ ልጄ ገና መሮጥ የጀመረች ናት፤ ወለል ላይ የተዘረጋ ገመድ ካየች ሳትጎትተው አታልፍም። ስለዚህ የምንፈልገው ግልጽ ነበር፦ እማዬ ዜናና ድራማ ስታይ ንግግሩን አጥርታ እንድትሰማ፣ ልጆች የሚጠለፉበት ገመድ እንዳይኖር፣ ማታ ፊልም ስናይ ደግሞ ድምፁ ከዙሪያችን እንዲመጣ።

ደሴ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት የሚኖር ሰው ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሆነውን ያውቀዋል። ዝናቡ ሲወርድ ተዋናዮቹ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታያል እንጂ የሚሉት አይሰማም። ድምፅ ሲጨመር ሙዚቃውም ጩኸቱም አብሮ ይጨምራል፤ ንግግሩ ግን እዚያው ተቀብሮ ይቀራል። አንዱ ምክንያት የአሁኖቹ ቴሌቪዥኖች ቅጥነት ነው። ለትልቅ ስፒከር ቦታ ስለሌላቸው ብዙዎቹ ትንንሽ ስፒከሮች ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ዞረው ነው የሚገጠሙላቸው። ድምፁ በቀጥታ ወደ እኛ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ሌላው ምክንያት ንግግሩ የራሱ ስፒከር የሌለው መሆኑ ነው። በሰራውንድ በተዘጋጀ ፊልም ውስጥ የተዋናዮቹ ንግግር በአብዛኛው የሚቀመጠው በመሐለኛው ቻናል፣ ማለትም ለመሐሉ ስፒከር በተለየው የድምፅ መስመር ነው፤ ያንን ቻናል ለብቻው የሚያወጣ ስፒከር ከስክሪኑ ሥር ካለ፣ ሌላውን ሳትነኩ እሱን ብቻ ከፍ ማድረግ ትችላላችሁ። ለእኔ ከኋላ ስፒከርም ከቤዝም የሚቀድመው ይኼ ነው።

ካርቶን ላይ የሚጻፉትን ቁጥሮች ማንበብ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው። 2.1፣ 3.1፣ 5.1 ሲል ከነጥቡ በፊት ያለው የዋናዎቹ ቻናሎች ብዛት ሲሆን ከነጥቡ በኋላ ያለው 1 ቤዝ የሚያወጣው ሳጥን፣ ሰብዉፈሩ ነው። 2.1 ማለት ግራ፣ ቀኝና ቤዝ ነው፤ መሐል የለውም። 3.1 መሐሉን ይጨምራል። 5.1 ደግሞ በእነዚህ ላይ ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት ያክላል። 5.1.2 የሚል ካያችሁ የመጨረሻዋ 2 ድምፅን ወደ ጣሪያ ልከው አንጥረው የሚያወርዱ ስፒከሮችን ታመለክታለች። እነዚህ ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋሉ። ኮርኒሳችሁ አቡጀዲ ከሆነ ጨርቁ ድምፁን ይውጠዋልና ለዚያች 2 ተጨማሪ ገንዘብ ባታወጡ እመክራለሁ። አንዳንድ ሳውንድ ባሮችም (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጡ ረዣዥም ስፒከሮች፣ ባጭሩ ባር) ከኋላ ምንም ስፒከር ሳይኖራቸው ሰራውንድ ይላሉ፤ ድምፁን ከጎን ግድግዳዎች ላይ አንጥረው ከኋላ የመጣ ለማስመሰል ይሞክራሉ። ሁለቱም ጎን ባዶ ግድግዳ በሆነበት ክፍል የተወሰነ ይሠራል። አንዱ ጎን ወፍራም መጋረጃ፣ ሌላው ጎን ክፍት በር ከሆነ ግን ያን ያህል አትጠብቁ።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። የድሮው ሆም ቴአትር እያንዳንዱ ስፒከር በራሱ ሽቦ ከአንድ ሳጥን ጋር ይያያዛል። ድምፁ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም በዋጋው ብዙዎቹን ይበልጣል። ግን ሁለቱ የኋላ ሽቦዎች ክፍሉን ዞረው ወይም አቋርጠው መሄድ አለባቸው። ከኮርኒስ በላይ አሳልፎ ከመጋረጃ ጀርባ ማውረድ ይቻላል፤ ደሴ ላይ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። ኮርኒሱ ውስጥ አይጥ ካለ ግን ሽቦውን ይቆረጥመዋል፣ የት ጋ እንደተበላ መፈለግም አድካሚ ነው።

ገመድ አልባ የሚባሉት ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። ከባሩ ወደ ኋላ ስፒከሩ የሚሄደው የድምፅ ሽቦ ይቀራል እንጂ የኋላ ስፒከሩ ራሱ መብራት ይፈልጋል። መብራቱን የሚያገኝበት መንገድ ነው ከቤት ቤት ልዩነት የሚያመጣው። የሶኒ ኤችቲ ኤስ40አር ለምሳሌ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ አነስተኛ የአምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ሳጥን አለው። ሳጥኑ ድምፁን ከባሩ ያለ ሽቦ ይቀበልና ለሁለቱ የኋላ ስፒከሮች በቀጭን ሽቦ ያከፋፍላል። ከኋላ የሚያስፈልገው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ግን ሽቦ አለ። የሳምሰንግ ኪው990 ተከታታይ ሞዴሎች ወይም የሶኖስ ኢራ 100 ጥንድ እንደ ኋላ ስፒከር ሲያገለግሉ በመካከላቸው ምንም ሽቦ የለም፤ ግን እያንዳንዳቸው ሶኬት ይፈልጋሉ። የጄቢኤል ባር 1000 ደግሞ ከባሩ ግራና ቀኝ ጫፍ ተነቅለው የሚወጡ ባትሪ ያላቸው የኋላ ስፒከሮች አሉት። ፊልም ሊታይ ሲል ከኋላ ይቀመጣሉ፣ ሲያበቃ ባሩ ላይ ተመልሰው ቻርጅ ይደረጋሉ። ከኋላ አንድም ሶኬት ለሌለው ቤት ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም። ልጆች ባሉበት ቤት ግን በየጊዜው የሚነሳና የሚቀመጥ ነገር መውደቁ አይቀርምና ቦታውን ከፍ አድርጉ።

እኛ ከኋላ አንድ ሶኬት ብቻ ስላለን ባለ አምፕሊፋየር ሳጥኑን ዓይነት መረጥን። ሁለቱን ስፒከሮች የሚያገናኘው ቀጭን ሽቦ በመጅሊሱ መደገፊያ ትራሶችና በግድግዳው መካከል ገባ። ትራሶቹ ከባድ ስለሆኑ ልጆች አያነሷቸውም፤ ሽቦው ከየትም አይታይም። ሳጥኑ ራሱ ከመስኮቱ ሥር ከትራሱ ጀርባ ተቀምጧል፤ እንዳይታፈንና እንዳይግል ትራሱን ትንሽ ፈቀቅ አድርገንለታል። መጅሊስ ያለው ቤት ሁሉ ይህን መንገድ ቢያስበው ደስ ይለኛል። ወሎ ውስጥ ስንቱ ቤት በዙሪያው መጅሊስ አለው፤ ገመድ ለመደበቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ግን በሌላ መንገድ ነው የሄደችው፤ ለእሷ ቤት የሚስማማውም እሱ ነበር። ቤቷ አዲስ ነው፤ ብሎኬት ግድግዳ፣ ሴራሚክ ወለል፣ ሙቀቱን ለመቋቋም ስስ መጋረጃ። ሶፋዋ የኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የተቀመጠ ሰው ራሱን ሲያስደግፍ ግድግዳው ይነካዋል። ከሰው ጀርባ ስፒከር የሚገባበት ቦታ የለም። እሷ 3.1 ገዛች፦ አንድ ባር፣ አንድ ገመድ አልባ ሰብዉፈር። ከቴሌቪዥኑ ወደ ባሩ አንድ ገመድ፣ ከዚያ ሁለት የመብራት ገመድ፣ አበቃ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ያስተጋባ ነበር፤ ሴራሚክና ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል። ከባሩ ፊት ለፊት ወለሉ ላይ ወፍራም ምንጣፍ ስታነጥፍ ንግግሩ ጠራ። የኋላ ስፒከር ሊኖረው በማይገባ ክፍል ውስጥ በግድ ከማስገባት ይልቅ ጥሩ የፊት ድምፅ ይበልጣል፤ እህቴ ቤት ስሄድ ሁልጊዜ ይህን አስባለሁ።

ሰብዉፈሩን በሚመለከት አንድ ነገር ቢታወቅ ብዙ ገመድ ይቀንሳል። ጆሯችን ዝቅተኛውን የቤዝ ድምፅ፣ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚመጣ ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ገመድ አልባ ሰብዉፈር ከቴሌቪዥኑ አጠገብ መሆን የለበትም፤ ሶኬት ባለበት ይቀመጥ። ቡፌ ውስጥ ግን አታስገቡት፣ ዕቃው ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ክፍሉ ጥግ ላይ ብታስቀምጡት ቤዙ ይበዛል፤ ሲበዛ ንግግሩን ያደበዝዛል። ቦታ መምረጫ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ሰብዉፈሩን ለጊዜው እናንተ የምትቀመጡበት መጅሊስ ላይ አስቀምጡት፣ ቤዝ ያለው ዘፈን ክፈቱ፣ ከዚያ ግድግዳውን ተከትላችሁ ጎንበስ እያላችሁ አዳምጡ። ቤዙ ሳይጮህና ሳይጠፋ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ ሰብዉፈሩ የሚቀመጥበት ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያየኝ ገርሞት ነበር፤ በኋላ እሱም አብሮኝ ዞረ።

ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኘቱ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። የቴሌቪዥናችሁን ጀርባ ስታዩ ከኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹ አንዱ «አርክ» (ARC) ወይም «ኢአርክ» (eARC) የሚል ጽሑፍ አለው። አርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር የመጣ ነው። በዚያች ቀዳዳ ድምፁ ከቴሌቪዥኑ ወደ ባሩ ይወጣል፤ በሌሎቹ ቀዳዳዎች ብትሰኩት ድምፅ አይመጣም። ባሩም ላይ እንዲሁ አርክ የተጻፈበትን ፈልጉ። ይህ አንድ ገመድ የፍላሹንም፣ የሪሲቨሩንም፣ የዩቲዩቡንም ድምፅ ያመጣል። በዚያ ላይ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የባሩን ድምፅ ይጨምራል ይቀንሳል፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ባሩም ይጠፋል። እማዬ ሁለት ሪሞት አልያዘችም፤ ለእኔ ትልቁ ደስታ ይህ ነበር። ይህ እንዲሠራ በቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ የሚባለው መከፈት አለበት፤ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይለዋል።

ቴሌቪዥኑ አርክ ከሌለው ኦፕቲካል ይኖረው እንደሆነ እዩ። ቀዳዳዋ አራት ማዕዘን ናት፣ ትንሽ መዝጊያ አላት፣ ስትከፈት ቀይ ብርሃን ይታያል። እሷም 5.1 ታሳልፋለች፤ የሪሞቱን ትእዛዝ ግን አታስተላልፍም። አዲስ የኦፕቲካል ገመድ ጫፎቹ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ቆብ አለው፤ እሱ ሳይነሳ አይገባም። ውስጡ ብርሃን የሚያልፍበት ስለሆነ አጥብቃችሁ አትጠፉት። ሁለቱም የሌለው አሮጌ ቴሌቪዥን በቀይና ነጩ ገመድ ይሠራል፣ ግን ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ ለእንዲህ ያለ ቴሌቪዥን 5.1 መግዛት ገንዘቡን ያባክናል።

ጎረቤታችን ያሉ ጡረታ የወጡ መምህር አንድ ቀን ጠሩኝ። «የኔ ልጅ፣ እነዚህ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ከተገዙ ጀምሮ ትንፍሽ አላሉም፤ እስቲ እዪልኝ» አሉኝ። ስፒከሮቹ ላይ ያለው መብራት አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ስለዚህ ከባሩ ጋር ተገናኝተዋል። ሪሞቱን ተቀብዬ የቴሌቪዥኑን የድምፅ ሴቲንግ ከፈትኩ። ዲጂታል አውትፑት በሚለው ሥር «ፒሲኤም» ተመርጧል። በአርክ በኩል ፒሲኤም ሲሆን ቴሌቪዥኑ ድምፁን ሁሉ ወደ ግራና ቀኝ ጨፍልቆ ነው የሚልከው፤ የኋላዎቹ የሚያወጡት ነገር አይደርሳቸውም። ወደ «ኦቶ» ቀየርኩት። በአንዳንድ ቴሌቪዥን «ቢትስትሪም» ወይም «ፓስስሩ» ይባላል። ከፍላሽ 5.1 ድምፅ ያለው ፊልም አስጀመርን፤ ዝናብ የሚጥልበት ቦታ ላይ ነበር። ጋሼ ዞር ብለው መስኮቱን አዩ። ዝናቡ ከስፒከሩ መሆኑን ሲያውቁ ሪሞቱን ከእጄ ወስደው ያንን ቦታ መልሰው አጫወቱት። እናንተም የኋላ ስፒከር ዝም ካለ ዕቃውን ወደ ሱቅ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን ሴቲንግ እዩ።

ብሉቱዝ ምንም ገመድ ስለማይፈልግ ብዙዎች እሱን ያስባሉ። ከስልክ መንዙማ ወይም ዘፈን ለመስማት ግሩም ነው፣ እኛም ሁልጊዜ እንጠቀምበታለን። ቴሌቪዥንን በብሉቱዝ ከባር ጋር ማገናኘት ግን ሌላ ነው። የተለመደው የብሉቱዝ አሠራር ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ድምፁም ከምስሉ ይዘገያል፣ ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ቃሉ ይመጣል። ለዚያች አንዲት አጭር የኤችዲኤምአይ ገመድ ብላችሁ ሰራውንዱን አትጡ።

ወሎ ውስጥ ከውጭ ዕቃ የማይመጣለት ቤት ጥቂት ነው፤ ወንድም ሳዑዲ፣ እህት ዱባይ፣ አጎት አሜሪካ አለ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ ላይ ከሁሉ በፊት ጀርባውን አንብቡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው። «100–240» የሚል ካለው ያለ ስጋት ይሰካል። 120 ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር መሰካት ማቃጠል ነው። ባሩን ብቻ አንብባችሁ አትተዉት፤ ሰብዉፈሩም የኋላው ሳጥንም የየራሳቸው ጽሑፍ አላቸው፣ አንዱ 100–240 ሆኖ ሌላው 120 ብቻ ሊሆን ይችላል። ከዱባይ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ስለሆነ ማስተላለፊያ ይፈልጋል። ማስተላለፊያው ልል ከሆነ ይግላል፤ ጠበቅ ያለውን ምረጡ። ለሚልክላችሁ ሰው ሞዴሉን ከመግዛቱ በፊት ፎቶ አንስቶ እንዲልክ ንገሩት፣ የጀርባውን ጽሑፍ ጨምሮ።

መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው ዕቃ የሚጎዳው። መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን አጥፉ፣ ከተመለሰ በኋላ ትንሽ ቆይታችሁ አብሩ። ለፍሪጅ የሚሸጠው፣ መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያሳልፈው መከላከያ ለዚህም ይሆናል። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ ሳውንድ ባርና ቴሌቪዥን የሚስቡት ጥቂት ስለሆነ ትልቁን መግዛት የለባችሁም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባልና ከእሱ ጋር በአንድ መስመር አታድርጉ። እኛ ቤት እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አምፖሉ ራሱ ደብዘዝ ይላል፤ በዚያ ሰዓት ፊልም አንከፍትም።

ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚሞከረው አብዛኛውን ጊዜ በሚጮህ ዘፈን ነው። ሻጩ ቤዙን ከፍ አድርጎ ደረታችሁን ሲያንቀጠቅጠው ጥሩ ይመስላል። እኔ ፒያሳ ያሉትን ሱቆች ስዞር የራሴን ፍላሽ ይዤ ነበር፦ የዜና ቅጂ፣ ብዙ ንግግር ያለበት ድራማ፣ አንድ መንዙማ፣ አንድ በማሲንቆ የተዘፈነ አምባሰል። ዜናውን ሰራውንዱን አስጠፍቼ ዝቅ ባለ ድምፅ አዳመጥኩ፤ በሱቁ ጫጫታ መካከል ቃላቱ ካልተለዩ ቆርቆሮ ሥር ጭራሽ አይለዩም። መንዙማው ላይ መሪው ብቻውን ሲያዜምና ተቀባዮቹ በአንድ ላይ ሲመልሱ የድምፁ ስፋት መለወጥ አለበት፤ ድቤው ሲመታ ደግሞ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ መሰማት አለበት፣ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ መጉረምረም የለበትም። ማሲንቆው ላይ የጭራው ፍትጊያ ይሰማል ወይ ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። ባደግንበት ዜማ መሞከር ጥሩ ነው፤ እንዴት መሰማት እንዳለበት ከማንም በላይ እናውቀዋለን።

ካርቶኑ ላይ ባለው ዋት አትማረኩ። በተለይ «ፒኤምፒኦ» ተብሎ በሺዎች የሚጻፈው ቁጥር ስለ ድምፁ ምንም አይነግራችሁም። «አርኤምኤስ» የሚለውን ጠይቁ፤ ስፒከሩ ሳይቋረጥ ሊሰጥ የሚችለውን ኃይል የሚያሳየው እሱ ነው። ለአንድ መካከለኛ የደሴ ሳሎን ደግሞ ብዙ ኃይል አያስፈልግም።

ስፒከሮቹን ማስቀመጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፣ ግን በዚያ ግማሽ ሰዓት የሚገኘው ለውጥ ትልቅ ነው። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ሁለት እጃችሁን በቀጥታ ወደ ጎን ዘርጉ፤ ከዚያ ትንሽ ወደ ኋላ መልሷቸው። እጃችሁ የሚያመለክትበት ቦታ የኋላ ስፒከሮቹ ቦታ ነው። በዲግሪ ከስክሪኑ ጀምሮ ከ110 እስከ 120 ይሆናል። ከፍታቸው ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሁን። መጅሊስ ላይ የሚቀመጥ ሰው ጆሮው ሶፋ ላይ ካለው ዝቅ ያለ ነውና ቴሌቪዥኑንም ባሩንም በዚያው ልክ ዝቅ አድርጉ። እኛ ባሩን ከቡፌው ላይ አንስተን አጠር ያለ ጠረጴዛ ላይ አኖርነው፤ እማዬ ያን ዕለት ማታ ነው «አሁን ይሰማል» ያለችው። ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ከመቀመጫችሁ እኩል ርቀት ላይ መሆናቸውን በክር ለኩ። ክፍሉ እኩል ካላስቀመጠላችሁ በሴቲንግ ውስጥ የራቀውን ድምፅ ትንሽ ጨምሩ። የኋላዎቹ ጎልተው ከተሰሙ በዝተዋል ማለት ነው፤ ስታጠፏቸው ብቻ የሚጎድል ነገር ካለ ልካቸው ነው።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ሁሉም ነገር ከኋላ ድምፅ ይኖረዋል ብላችሁ አትጠብቁ። በዲሽ የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በአብዛኛው የሚያስተላልፉት ግራና ቀኝ ድምፅ ነው። እውነተኛው 5.1 የሚገኘው ከአንዳንድ የኢንተርኔት ፊልም አገልግሎቶችና በፍላሽ ካሉ ፊልሞች ነው፤ ፋይሉ ስም ላይ 5.1 ወይም ኤሲ3 የሚል ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ዲቲኤስ የሚል፣ ሌላ ዓይነት የሰራውንድ አሠራር፣ ካለ ቴሌቪዥናችሁ ላያነበው ይችላል፤ ሳምሰንግ ለምሳሌ ከእ.ኤ.አ. 2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን ትቷል። ግራና ቀኙን ድምፅ ወደ ሁሉም ስፒከር የሚያሰራጭ ሴቲንግ አለ፤ ለኳስ ጨዋታ ደስ ይላል፣ የሜዳው ጩኸት ይከባችኋል። ለዜና ግን አጥፉትና «ቮይስ» የሚለውን አብሩ።

ማታ «ናይት» የሚለውን ሴቲንግ ተጠቀሙ። ፍንዳታውን ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ ያደርገዋል። ግድግዳ በምንጋራበት ግቢ ውስጥ ቤዝ ከሁሉ በላይ ያልፋል፤ ተኝቶ ያለ ሕፃን፣ የታመመ ሰው፣ ለቅሶ ያለበት ቤት ሊኖር ይችላል። ሰብዉፈሩን ከጎረቤት ጋር ከምንጋራው ግድግዳ አርቀን ያስቀመጥነው ለዚህ ነው።

ዋጋ ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የምጽፈው ዋጋ እናንተ ስታነቡት ላይሆን ይችላል። ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ካልበቃ ግን ከ5.1 ርካሹን ከመግዛት 3.1 ደህናውን ግዙ፤ ንግግሩን ዛሬ ታገኛላችሁ፣ የኋላዎቹ ነገ ይደርሳሉ። ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይህ ባር በኋላ የኋላ ስፒከር ይቀበላል ወይ? ሁሉም አይቀበልም። የሚቀበለውም በአብዛኛው የራሱን ፋብሪካ፣ ያውም የተወሰኑ ሞዴሎችን ብቻ ነው። የሚቀበለውን የኋላ ስፒከር ሞዴል ቁጥር ደረሰኙ ጀርባ ላይ አስጽፉና ከጋራንቲው ጋር አስቀምጡት።